ቀሃ ዳር ያሉት ጎረቤታችን አሮጌ ባትሪ ያቀልጣሉ፤ ለልጆች ያሰጋል ወይ?

የመድረካችን ክር፣ ማለትም የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከመሐል ጀምሮ ስለሚቆጣ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን እንዳለ ትቼ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው አወጋችኋለሁ። መድረኩን የሚመራው ወንድማችን ነው አድርጊው ያለኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ አንዳንዱ ባይገለበጥ ይሻላል።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ጎንደሬዎች፣ ሰላም በሩቅ ያላችሁም። የምንኖረው ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ባጃጅ እንኳ አልወርድም ከሚለው ኮረኮንች በታች ነው። ተከራይ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከኛ ግቢ ሦስት በር አልፎ ያሉ ጎረቤታችን አሮጌ የመኪና ባትሪ ይገዛሉ። ቆራሌው በጆንያ፣ የጋራዥ ልጆች በጋሪ ያመጡላቸዋል። ክዳኑን በመጋዝ ይከፍቱታል፤ አሲዱን በር ላይ ካለው ቦይ ይደፉታል፤ ከውስጡ ጥቋቁር ሳህኖቹን አውጥተው በአሮጌ ብረት ድስት ከሰል ላይ ያቀልጧቸዋል። ሲቀልጥ ብር ነው የሚመስለው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆሻሻ በጭልፋ እየገፈፉ አጥሩ ሥር ይጥላሉ፤ የቀረውን አሸዋ ላይ በተማሰ ጉድጓድ ያፈስሱታል። ሲቀዘቅዝ ጎርጎራ ላሉ ዓሣ አጥማጆች ለመረብ ክብደት ይሸጣል።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሌሊቱን ድንኳን ሲያስተክሉ ያደሩት እሳቸው ናቸው።

ትንሹ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ሆዴን ይላል፣ ይደርቅበታል፣ ምግብ አይወስድም፣ ፊቱ ገርጥቷል። ጤና ጣቢያ ሁለቴ ወስጄው መጀመሪያ የወስፋት፣ ቀጥሎ የደም ማነስ መድኃኒት ሰጡኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቁምጣውን ላጥብ ኪሱን ስገለብጥ ሦስት ድብልብል ነገሮች ዱብ ዱብ አሉ። ሽምብራ ያክላሉ፤ ክብደታቸው ግን የሽምብራ አይደለም። ለካ ሲቀልጥ ተፈናጥሮ የቀዘቀዘ እርሳስ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ሥር እየለቀሙ ብይ ይጫወቱበታል። አንዱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ ሳየው የጥርስ ምልክት አለበት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ነገር በእርግጥ ልጅ ይጎዳል ወይስ እኔ ሰበብ ፍለጋ ነው የያዝኩት? ከጎዳስ፣ ከእድሬ ሳልጣላ ለማን ነው የምናገረው?

መልሶቹ

1ኛው የመጣው ከአንዲት እናት ነው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ። እግዚአብሔር ይማርልሽ ብላ፣ ልጁን እዚያ አጥር እንዳታስጠጊው፣ እጁንም በሳሙና ሳታጥቢ እንጀራ አታስይዢው አለች። ጨዋ መልስ ነበር፤ ክሩ በዚህ ቢቀጥል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ከ2 እስከ 6 ያሉት ስለ ሽታ ናቸው። አንዱ የሰፈሩን ክፍት ቦይ፣ ሌላው የበዓል ሰሞን ወንዝ ዳር የሚጣለውን ቆዳና አንጀት፣ ሌላው ጋራዦች የሚደፉትን የተቃጠለ ዘይት አነሳ። 5ኛው ከቅዳሜ ገበያ በኩል የሚጻፍ ይመስለኛል፣ ከወፍጮ ቤቱ ብናኝና ጩኸት የተነሳ መስኮት ከፍቶ እንደማያውቅ አማረረ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሁሉም አፍንጫና ጆሮ የሚይዘውን ነው የጻፈው፤ የኔን እርሳስ ማንም አላነሳውም። 6ኛው ጭራሽ፣ ይህ ሁሉ ጉድ ባለበት ሰፈር የአንድ ምስኪን ድስት ምን ታረጊዋለሽ ብሎ ወቀሰኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአንድ ሌሊት አመንኩት።

7ኛው መልስ ነው ክሩን ያነሳው። ጡረታ የወጡ ሳኒቴሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤናና ንጽሕና ባለሙያ ናቸው። የተማሩት እዚሁ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው፤ ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሱና ሳኒቴሪያኑ አብረው ይሠለጥኑበት የነበረው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ረጅም ጽፈዋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣልና የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ የሚያታልለውም ይኸው ቀላልነቱ ነው ብለዋል። አሲዱ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ሰው ይሸሸዋል። እርሳስ ግን በጢሱም በአቧራውም ሲወጣ አይሸትም፣ አይቆጠቁጥም፣ አፈር ላይ ካረፈ ደግሞ አይበሰብስም። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚወስደው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ይብሳል። አጥንትና ጥርስ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ብስጭት፣ ትምህርት አለመግባት፤ ሁሉም የሌላ በሽታ ምልክት ስለሚመስሉ ካልጠረጠሩት አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም እንደሚልና፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደም ውስጥ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ እንደሚመክር ነገሩን። መጨረሻ ላይ ለኔ ብቻ አንድ ነገር አከሉ፦ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ስትዪ ሆዱን አመመው ብለሽ አታቁሚ፣ ከቤታችን አጠገብ ባትሪ ይቀልጣል በዪ። ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄጄ ይህን ዓረፍተ ነገር አንዴም አልተናገርኩም ነበር።

8ኛው ጸሐፊ አጎቱ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ሠርተው ዛሬም ጠላ ጠጥተው እስክስታ እንደሚመቱ ነገረን። 9ኛው ደግሞ የሠራው አጎትህ፣ የሚጠየቀው ስለ አራት ዓመት ልጅ፤ ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ ሰደበው። 10ኛው 8ኛውን ሊያግዝ ገብቶ ነገሩን የከተሜና የገጠሬ ጠብ አደረገው። አለፍኩት።

11ኛው ስለ ወተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ልቆይበት። ቀለም ቀቢው፣ በያጁ፣ ባትሪ ሠሪው ማታ ማታ ወተት ከጠጣ መርዙን ያጥብለታል ይባላል። እኔም እንደዚያ ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ጎረቤታችንም በየማታው ግማሽ ሊትር ያስመጣሉ። ሳኒቴሪያኑ በ12ኛው መልስ ተመልሰው አረሙት። ካልሲየም በምግብ ሲበቃ አንጀት የሚወስደው እርሳስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ወተት ለልጅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የገባውን አያወጣም፣ በሳንባ የተሳበውንም አያቆምም። ወተት ጠጣሁ ብሎ ድስቱ ላይ የሚያጎነብስ ሰው ራሱን እያታለለ ነው አሉ። ውሃ ማፍላትም እንደዚሁ፦ ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያስወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም እርሳሱ ይወፍራል።

13ኛው የኩል ነገር አመጣ። ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ የሚፈጨው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነውና፣ ልጅሽን ኩል ትኳይው እንደሆነ መጀመሪያ እሱን ተጠየቂ የሚል ነው። ሐቅ አለው። አባባሉ ግን ጥፋቱን ወደ እናት ዞር ማድረግ ስለሆነ 14ኛዋ እሳት ሆና መጣች፦ ጎረቤት ድስት ሙሉ መርዝ ሲያፈላ ዝም፣ እናት ጣቷን ዓይን ላይ ስታደርግ ምርመራ። ኩሉን ጣልኩት። ለሁለቱም ስል።

15ኛው ነገሩ ሁሉ ከመኪና ጢስ ነው አለ፣ ቤንዚን እርሳስ አለበት ብሎ። ድሮ ነበረ። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ትተዋል፤ ከዓለም መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021። ይህን ያረመው 16ኛው ነው፤ በአንድ መስመር፣ ያለ ስድብ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

17ኛው ጸሐፊ ለሥራ ኬንያ የሄደ የአዘዞ ልጅ ነው። ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች ሰፈር እንዳለ፣ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ እንደተሠራ ጻፈ። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል ሴት እዚያው ፋብሪካ ተቀጥራ ሳለ የምታጠባው ልጇ ታመመባት፤ ወባ ነው ታይፎይድ ነው ሲባል ከርሞ በመጨረሻ ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሥራዋን ትታ ሰፈሩን አሰባሰበች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ፤ እሷ በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አገኘች፤ በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪው 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ወሰነ። ይግባኝ ተብሎበት ከተሻረ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 መጨረሻ መልሶ አጸናው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው። የዳካርንም ጨመረልን፦ በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳር፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ የባትሪ እርሳስ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ ሰዎች ያን አፈር እየቆፈሩ፣ እየነፉና ቤት እያስገቡ ሲሸጡት ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ በጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። እዚህ ላይ ቆሜ ወጥቼ የአጥሩን ሥር አየሁት። ግራጫው ቁልል ጉልበቴ ይደርሳል።

18ኛው አዲስ አበቤ ነው፤ እናንተማ ታድላችኋል፣ አቃቂን ብታዩ ብሎ ጀመረ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ የወንዙ ቀለም፣ በዚያ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ጎመን። እውነቱን ነው፤ ግን ስንት ሰው ነው የሱ መከራ ከኛ እንደሚበልጥ ሊነግረን ብቻ የሚገባው?

19ኛዋ የሕግ ሰው ናት፤ የክሩ ሁለተኛ ምሰሶ እሷ ነች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንደሰጠ ሁሉም ያውቃል፤ ሰው የማያውቀው የ1995ቱን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11ን ነው አለች። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ከዚያ በኋላ ባለው 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ተከራይ ሁን ባለቤት አዋጁ አይለይም። በቃል አትናገሩ፣ ጻፉ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ ብላ ጨረሰች።

20ኛው ሳቀባት። አንድ ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው እየተባለ ሦስት ሳምንት እንደተመላለሰ፣ በመጨረሻም ማመልከቻው ጠፋ እንደተባለ ተረከ። 21ኛዋ ራሷ ያችው የሕግ ሰው ናት፤ ማኅተም ያስመታኸው ቅጂ አለህ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው። አልመለሰም።

22ኛው መልስ የለም። አንድ ድርጅት በስሙ ጠርቶ የከሰሰ ጽሑፍ ነበር፤ የመድረኩ መሪ ማስረጃ አምጣ ብሎ ሰረዘው። ከ23 እስከ 26 ያለው ጠብ በዚህ ስረዛ ላይ ነው።

ከዚያ ክሩ ወንዝ ተከትሎ ሄደ። 27ኛው፣ ቀሃ ከተበከለማ የጥምቀት ዕለት የምንነከርበት የአፄ ፋሲል መዋኛ ምን ሊሆን ነው ብሎ ደነገጠ። 28ኛው አረጋጋው፦ መዋኛው የሚሞላው ከላይ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ነው፣ የምንነጋገርበት ሰፈር ከዚያ በታች ነው። 29ኛው ቀሃም አንገረብም መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና ይገባል፤ እንግዲህ እምቦጩን ያመጣው የናንተ ባትሪ ነው ብሎ ደመደመ። 30ኛው በትዕግሥት አስረዳው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ሲታይ ከመገጭ መግቢያ በኩል መሆኑ ልክ ነው፤ የሚያፋፋው ግን ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እርሳስ አረም አያበላም። ቀጥሎ ስለ ፋሲል ከነማ አምስት መልስ አለ፤ ከየት እንደገባ እስካሁን አልገባኝም።

36ኛውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ሰፈሩንም ድስቱንም አውቃዋለች። አባቷ ስማቸው ባይጠራም ጎንደር ትንሽ ናት አለች። ባትሪውን አባቴ አልፈጠረውም፤ የናንተ መኪና፣ የናንተ ባጃጅ ባትሪ ሲሞት ቆራሌው በር ላይ የሚሸጠው ማን ነው? እኛ አምስት ልጆች ያደግነው ከዚያ ድስት ነው። አባቴም ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አንጓው ይዝልበታል፣ ማንም አመመህ ወይ ብሎት አያውቅም። እኔንም በስሜ ሳትጠራ ወቀሰችኝ፦ ድንኳን ሲተክልልሽ የተቀበልሽ፣ ቡና ጠርተሽው መንገር አቅቶሽ ለዓለም ነገርሽ። ልክ ናት። ተከራይ ነኝ ብዬ የፈራሁት አከራዬን አልነበረም፤ እሳቸውን ነው፣ የእድሩን ፊት ነው። ጢሱ ከማላውቀው ፋብሪካ ቢመጣ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ነበር የምጮኸው።

ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

37ኛው መልስ የሳኒቴሪያኑ ነው፤ ለኔ ሳይሆን ለሷ። ልጄ ሆይ ብለው፣ አባትሽ ከሁላችን በፊት መመርመር ያለባቸው ሰው ናቸው አሏት። ከዚያ የሚደረገውን አንድ በአንድ፦ የሥራ ልብሱ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብ፣ ጫማው ደጅ ይቅር፣ ግቢው በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ድስቱ አጠገብ እንጀራ አይበላ፣ ሲጋራም አይጨስ። ይህ ሁሉ ግን መቀነሻ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም፣ መፍትሔው ባትሪውን አለመክፈት ነው አሉ።

38ኛው እዚያው ግቢ ተለማማጅ የነበረ ልጅ ነው። ባትሪ ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይፈስ እንዳለ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ፤ እዚያ ከተሸጠ ድስቱ አያስፈልግም። ችግሩ የቀለጠው እርሳስ በኪሎ የበለጠ ያወጣል። ልዩነቱ ግን የከሰሉ፣ የመጋዙና የቀኑ ድካም ሲቀነስ ሰው እንደሚያስበው አይደለም ብሎ፣ ሒሳቡን አብሬያቸው ቁጭ ብዬ እሠራለሁ አለ። ከሠላሳ ስምንቱ መልስ እጄን ይዞ አብሬ እሄዳለሁ ያለ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ቡና አፈላሁ። እሳቸው፣ ልጃቸው፣ የእድሩ ሊቀመንበርና ተለማማጁ መጡ። ሦስቱን እንክብል በስኒ ማስቀመጫው ላይ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ጥርስ ያረፈበትን አንስተው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። የማነው ጥርስ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጡ ተነሱ። ተቀይመው ነው ብዬ ነበር፤ ማታ ላይ በአጥሩ ሥር ያለውን ቁልል በላስቲክ ሲሸፍኑ አየኋቸው፣ ልጃቸው ድንጋይ እያቀበለቻቸው። ድስቱ እስከ ዛሬ አልተጣደም። አሮጌዎቹ ባትሪዎች እንደታሸጉ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ነጋዴው አርብ ይመጣል ተብሏል።

ልጄንም እሳቸውንም በአንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ልንወስዳቸው ተነጋግረናል፤ ዓረፍተ ነገሩን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ።

39ኛው መልስ የራሴ ጥያቄ ነው። ቁልሉን ላስቲክ ሸፈነው እንጂ አላነሳውም፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቁልቁል ወደ ቀሃ ነው። የት ነው የሚጣለው? የሕግ ባለሙያዋ ለከተማው በጽሑፍ ጠይቁ ብላለች፤ ደብዳቤውን ማክሰኞ አስገብተን ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተናል። ሦስቱን እንክብሎች ግን በቡና ቆርቆሮ ዘግቼ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጫቸዋለሁ።